የአጎቴ ቤልጅግ ወደ የትኛው ዘመን ይመለስ?

ባለፈው ዓመት የአጎቴ ልጅ ለአረፋ ከሚኒሶታ መጥቶ ነበር። ደሴ የሥራ ቤቴ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ስልኩን ከፈተና አንድ ፎቶ አሳየኝ። በረዶ ላይ ቆሟል። ከሩቅ የሚታይ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሷል። ከፊቱ አጋዘን ተዘርሯል፤ ትከሻው ላይ ደግሞ ቀጠን ያለች፣ ሰደፏ የሚያብለጨልጭ ጠመንጃ አለች። "ይቺ ድሮ የጀርመን ወታደር የያዛት ሞዜር ናት። ቆርጠው፣ አሳምረው፣ የአደን አደረጓት" አለኝ። ቀጥሎ ያለው ነገር ነው እስካሁን ከጭንቅላቴ ያልወጣው። "የአባባን ቤልጅግ ልክ እንደዚች አድርገህ ሥራልኝ።" ቤልጅግ የምንለው ከቤልጅግ አገር የመጣውን አሮጌ ጠመንጃ ነው።

እኔ እንጨት ሠሪ ነኝ። በር፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን ነው እንጀራዬ። ግን ወሎን የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው፣ እዚህ አገር እንጨት የሚሠራ ሰው ዘንድ አንድ ቀን ሰደፉ የተሰነጠቀ ጠመንጃ መምጣቱ አይቀርም። ብረቱን አልነካም። ብረቱ ባለቤቱ ቤት ይቀራል፤ ወደ እኔ የሚመጣው እንጨቱ ብቻ ነው። ከ2012ቱ የጦር መሣሪያ አዋጅ ወዲህ ደግሞ የተመዘገበበትን ወረቀት ሳላይ እንጨቱንም አልቀበልም። የአጎቴ ጠመንጃ ወረቀት አለው። ስለዚህ "እሺ፣ አምጣው" አልኩ።

እሺ ካልኩ በኋላ ነው ነገሩ እየቆየ የከነከነኝ። የተሰበረ ወንበር ሲመጣልኝ ወደ የት እንደምመልሰው አውቃለሁ፤ ሰው ሊቀመጥበት ወደሚችልበት። ይሄኛውስ? ከቤልጅግ ፋብሪካ ወደ ወጣበት ቀን? አያቴ ከጣሊያን ጊዜ በኋላ በበሬ ወደ ለወጡት ቀን? አጎቴ ማማ ላይ ተቀምጠው የማሽላ እርሻ ወደሚጠብቁበት ጊዜ? ወይስ ኖሮበት ወደማያውቀው፣ ሚኒሶታ ወዳለው ፎቶ?

ሚኒሶታ ያለው ሐሳብ

የአጎቴ ልጅ ዝም ብሎ አልተናገረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ውስጥ የሠራዊት ትርፍ ጠመንጃ እንደ አሸን ፈላ። የጀርመኑ ሞዜር፣ የእንግሊዙ ኤንፊልድ፣ የራሳቸው ስፕሪንግፊልድ፣ የጣሊያኑ ካርካኖ። በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ እስኪያስቆመው ድረስ ሰው ማስታወቂያ አይቶ ገንዘብ ይልካል፤ ጠመንጃው በፖስታ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። ዋጋውም ከአዲስ የአደን ጠመንጃ በጣም ያንሳል። ታዲያ ብዙ ሰው አንዱን ይገዛና ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይቆርጠዋል።

የሚቆረጠውም በምክንያት ነው። የወታደር ጠመንጃ እንጨቱ እስከ አፈሙዙ አካባቢ ይዘልቃል፤ ብረቱ ሲግል እጅ እንዳያቃጥል፣ ሳንጃ ተሰክቶበትም እንዲችል። አዳኝ በቀን አንድ ሁለት ጥይት ነው የሚተኩሰው፤ ያ ሁሉ እንጨት ለሱ ሸክም ነው። ማነጣጠሪያው እስከ 2,000 ሜትር ቁጥር ተጽፎበታል፤ አጋዘን ግን ብዙውን ጊዜ 100 እና 200 ሜትር ላይ ነው የሚመታው። ስለዚህ የፊተኛውን እንጨት ያሳጥራሉ፤ ሩቁን የሚያቀርብ የማነጣጠሪያ መነጽር ሲገጠም እንዳይጋጭ የመቀባበያውን እጀታ ወደ ታች ያጎብጣሉ፤ አናቱን ይበሱና መነጽር ያስሩበታል። ከባድ የነበረው ቀላል ይሆናል። በሰው ልጅ ላይ የተሠራ መሣሪያ ምግብ ወደ ማምጣት ይዞራል። ይህን መጥፎ ነው የሚል ሰው ካለ አልስማማም።

ግን ታሪኩ እዚያ አላለቀም። ያኔ እንደ ማገዶ የተከመረው ጠመንጃ ዛሬ ተፈላጊ ሆኗል። መጋዝ ያልነካው ከተቆረጠው በብዙ እጥፍ ይሸጣል። አሁን ደግሞ አባቶቻቸው የቆረጡትን ለመመለስ ሙሉ ሰደፍ ፈልገው የሚገዙ፣ ብሎን በብሎን የሚለቅሙ ሰዎች አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከእኛው አገር መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች፣ ውጅግራው፣ ምንሽሩ፣ ሞዜሩ፣ እዚያው አሜሪካ ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። ቪዲዮዎቹን አይቻለሁ። ፈረንጆቹ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ሰደፉ ላይ የተጠቀለለውን ጠፍር በጣታቸው እየነካኩ "ይሄ ምንድን ነው?" ይላሉ።

እኛ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ወይም የምናውቅ ይመስለናል።

ከጠፍሩ ሥር የነበረው

ሰደፉን ሞርሳ ላይ በጨርቅ ጠቅልዬ አሰርኩት። እንጨቱ ዎልነት የሚባለው የፈረንጅ አገር እንጨት ነው፤ ግን የስንት ዘመን ላብ፣ ቅቤና ጢስ ስለጋገረበት መልኩ አይታይም። ሰደፍ ሲሰነጠቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው አንድ ቦታ ነው፤ እጅ የሚጨብጠው ቀጭኑ አንገት ላይ። ሰው ይዞት ከወደቀ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። የኛ አገር መፍትሔ ደግሞ ጥሬ ቆዳ ነው። ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ሲለሰልስ አንገቱ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይሰፋል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን ቀርቅሮ ይይዘዋል። ምስማር የለ፣ ኮላ የለ።

የአጎቴ ልጅ አጠገቤ ቆሟል። "ይሄን ነገር ቁረጥና ጣለው። ኢፖክሲ የሚባለውን ኮላ አድርግበት፣ ፈግፍገው፣ አለቀ" አለኝ። በሱ ዓይን ጠፍሩ የድህነት ምልክት ነው፤ ጥገና ያጣ ሰው ያደረገው። እርጥብ ጨርቅ አልብሼው እስኪለሰልስ ቡና ጠጣን። ከዚያ ቢላዬን ይዤ ስፌቱን ፈለግኩ።

እኔ ብሰፋው ኖሮ ከሥር ነበር የምሰፋው፤ ለሠሪው የሚመቸው እሱ ነው። ስፌቱ ግን ከሥር የለም። በግራ ጎን፣ ወደ ላይ ጠጋ ብሎ ነው ያለው። ለምን እንደሆነ ለማየት እንደሚተኩስ ሰው በቀኝ እጄ ጨበጥኩት። አውራ ጣቴ በላይ ተሻገረ፤ አራቱ ጣቶቼ በሥር ዞረው ግራውን ጎን ያዙ። ስፌቱ በትክክል አውራ ጣቴና ሌሎቹ ጣቶቼ በማይደርሱባት ክፍተት ውስጥ ገባ። የትኛውም ጣቴ አልነካውም። የሰፋው ሰው እጅ የት የት እንደሚያርፍ አውቆ ነው የሰፋው። ሙያ ያለው ሰው ሥራ ነው።

ስፌቱን ፈትቼ ቆዳውን ገልበጥ ሳደርገው ሌላ ቆዳ አየሁ። ከሥሩ አሮጌ፣ የጠቆረ፣ እንጨት የመሰለ ጠፍር አለ። የሱ ስፌት ደግሞ በቀኝ ጎን ነው። በቀኝ እጄ ብጨብጠው መዳፌ መሃል ላይ ይቆረቁራል። ሰደፉን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩትና ጨበጥኩ። አሁን ጠፋ።

ስልኬን አንስቼ ሐርቡ ላሉት አጎቴ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ አያቴ ግራኝ ነበሩ እንዴ?"

ዝም አሉ። "ማን ነገረህ?"

"ጠፍሩ።"

"ግራኝ ነበሩ። ሲያቀባብሉ ግራ እጃቸውን በላይ አሻግረው ነበር። ሲያዩት ግር ይል ነበር። ለእኔ ሲሰጡኝ ያ ስፌት እጄን አላስቀምጥ አለኝ፤ ከላዩ ሌላ አሰፋሁበት። አብሽር፣ አሁን አርጅቷል፣ አንሳው።"

የአጎቴ ልጅ ስልኩን እየሰማ ነበር። አያቱ ግራኝ እንደነበሩ አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር። አያታችን ፎቶ የላቸውም። ስለ እጃቸው ያለን ማስረጃ ይህ አንድ ስፌት ብቻ ነው፤ እሱንም በቢላ ላነሳው ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ፤ ከዚያም በኋላ ማታ ማታ አስቤበታለሁ። ቪዲዮ ላይ ያየኋቸው ሰብሳቢዎች "አትንካው፣ እንደተሠራ ይቆይ" ይላሉ። ይሄ ጠመንጃ ግን እንደተሠራ አልቆየም። ከቤልጅግ ሲወጣ ጠፍር አልነበረውም። ወደ ፋብሪካው ቀን ልመልሰው ብል መጀመሪያ የማጠፋው አያቴን ነው፤ ቀጥሎ አጎቴን። በሌላ በኩል የአጎቴ ልጅ የተናገረውንም ችላ ማለት አልቻልኩም። "እኔ ታሪክ ላጥፋ አላልኩም" አለኝ። "አባባ ሲያልፉ ይሄን ማን ያነሳዋል? ቆጥ ላይ ተሰቅሎ ይበሰብሳል። እኔ የምይዘው ነገር እንዲሆን ነው የፈለግኩት።" እውነቱን ነው። ማንም የማይጨብጠው ሰደፍ የምስጥ ቀለብ ነው።

ግን ሁለቱ ቆዳዎች አንድ ነገር አሳዩኝ። አጎቴ ጠመንጃውን ለራሳቸው እጅ ሲያስተካክሉ የአባታቸውን አላነሱም። ከላዩ ጨመሩ። ስፌቱ ቢቆረቁራቸውም ከሥር ተዉት። የአጎቴ ልጅም የራሱ ሊያደርገው መብቱ ነው፤ መጋዝ ግን መጨመር አይደለም። ከፊተኛው እንጨት አንድ ስንዝር ቢቆረጥ ነገ "ይቅርታ" ብሎ የሚመልሰው የለም።

ተልባ፣ ካውያና የኮምቦልቻ ፀሐይ

ስለዚህ የአያቴን ጠፍር ሳላነሳ ስንጥቁን እንዴት እንደምይዘው መፈለግ ነበረብኝ። መልሱ ከውስጥ ተገኘ። ብረቱ ከእንጨቱ ስለተለየ፣ የኋለኛው ብሎን የሚያርፍበት ጎድጓዳ ቦታ ክፍት ነው፤ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቀጭን ኢፖክሲ በመርፌ ከውስጥ ሰጠሁት፤ በጎማ ጥብቅ አድርጌ አስሬ አሳደርኩት። በማግስቱ ጠመዝመዝ ሳደርገው ድምፅ የለም። ከላይ ሲያዩት ምንም የተነካ አይመስልም።

የተሰረጎደ ቦታ ነበረው፤ ድንጋይ ላይ የወደቀ ይመስላል። እንዲህ ያለውን መፈግፈግ አያስፈልግም። እርጥብ ጨርቅ አድርጎ የጋለ ካውያ ማስነካት ነው፤ እንፋሎቱ የተጨፈለቀውን እንጨት ያሳብጠውና ይነሳል። እንጨቱ የተቆረጠ ካልሆነ ሁልጊዜ ይሠራል ማለት ይቻላል። ብርጭቆ ወረቀት ከሰደፉ አራቅኩ። ብረትና እንጨት የሚገናኙበት ጠርዝ አንዴ ከተፈገፈገ ክፍተት ይፈጠራል፤ የፋብሪካ ምልክት ካለም ይሄዳል። ቆሻሻውን በጨርቅና በመፈግፈጊያ ሽቦ ቀስ ብዬ፣ ዘይት እያስነካሁ አነሳሁት። ሲጠራ ወርቃማ ቡኒ ወጣ፤ በውስጡ ጥቁር መስመር ይሄዳል። የአጎቴ ልጅ ይሄን ሲያይ "ቬርኒሽ ይቀባ" ማለቱን ተወ።

ቬርኒሽ አልቀባሁትም። የድሮ ሠራዊቶች ሰደፋቸውን የሚያጠግቡት በተልባ ዘይት ነበር። ተልባ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ስስ አድርጎ መቀባት፣ በመዳፍ ማሸት፣ ትርፉን መጥረግ፣ ሲደርቅ እንደገና። ችግሩ ትዕግሥት ነው፤ ወፍራም የተቀባ እንደሆነ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። አንድ ነገር ግን ለማንም ሳልናገር አላልፍም፤ ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፤ የታጨቀ ጨርቅ በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አስጡት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

በአጎቴ አሮጌ ቆዳ ፋንታ ከአያቴ ጠፍር በላይ የሰፋሁት አዲስ ቆዳ ደግሞ ደሴ አልደርቅ አለ። ክረምት ነው፤ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነው የሚውለው፤ ቆዳው እርጥብ ሆኖ መሽተት ጀመረ። ያለ እሳት ለማድረቅ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እሳት እርጥብ ጥሬ ቆዳን ያበላሸዋል። ሃረጎን ስትወርዱ ጉሙ ከላይ ይቀራል፣ ሙቀቱ ይቀበላችኋል። አንድ ወዳጄ በረንዳ ላይ ጥላ ሥር ሰቀልኩት። ስፌቱን በዚያው በግራ ጎን፣ የፊተኛው ሰው በሰፋበት ክፍተት ነው ያደረግኩት። ከዚያ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

አንበሳው ላይ ይበሳ?

ሐርቡ ስደርስ አጎቴ ብረቱን ጆንያ ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ። የተፈታውን አሮጌ ቆዳ ስሰጣቸው ውሃ ነክረው የመጥረቢያቸውን እጀታ ጠቀለሉበት።

ብረቱን ያኔ ነው በደንብ ያየሁት። የመቀባበያው ቁጥርና የአካሉ ቁጥር አንድ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከሌላ ጠመንጃ የመጣ መቀባበያ ከሆነ በጥይቱ መቀመጫና በመቀባበያው ፊት መካከል ያለው ክፍተት ሊሰፋ፣ ቀለሁም ሊፈነዳ ይችላል። ያም ሆኖ አሮጌ ጠመንጃ በሚያውቅ ሰው ሳይለካ አይተኮስም። የቱቦው ውስጥ ከዕድሜው አንጻር ንጹሕ ነው። "በምን እያጸዳችሁት ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ። አባቴ ከተኮሱ ማታውኑ ያፈሱበት ነበር፤ ከዚያ ዘይት" አሉኝ። ሳይንሱ ከሳቸው ጋር ነው። የድሮ የጦር ጥይት ከቀለሁ ሥር ያለችው መለኮሻ ስትነድ ጨው ትተዋለች። ጨው እርጥበት ይስባል፣ ብረት ይበላል። ዘይት ጨው አያሟሟም፤ ውሃ ነው የሚያጥበው።

ጥይቱ ከሚገባበት በላይ ባለው ክብ ብረት ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጿል። ደብዝዟል፣ ግን አለ። የቤልጅግ መኮንኖች በ1922 ዓ.ም. ክብር ዘበኛን ለማሠልጠን መጡ፤ ይህን የመሰለ ጠመንጃም ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከቤልጅግ እየተገዛ ገባ። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነበሩ። ይህ የአጎቴ ጠመንጃ ያኔ የት እንደነበረ የሚናገር የለም። አንበሳው ግን የዚያ ዘመን ነው።

መነጽር ለመግጠም የሚበሳው ደግሞ እሱ ክብ ብረት ነው። የፊተኛው ብሎን በአንበሳው መሃል ነው የሚገባው።

የአጎቴ ልጅ ይሄን ሲሰማ ጣቱን አንበሳው ላይ አድርጎ ቆየ። አጎቴ ነገሩን በሌላ በኩል ነው ያዩት። "መነጽሩ ለምን?" አሉት። ከርከሮ ማሽላውን ሲያጠፋ አይቶ ነው፤ ማታ ከማማው ላይ ለመምታት። "ከርከሮም የዱር አውሬ ነው" አሉት። "ያለ ፈቃድ አይተኮስም። አንተ እዚያ ፈቃድ ትገዛ የለ? እዚህም እንደዚያው ነው። እኔ ውሻና ወንጭፍ አለኝ። ይሄ እኔ ማማው ላይ ስወጣ አብሮኝ ይወጣል፣ አብሮኝ ይወርዳል።" እውነትም የአደን ፈቃድ የሚሰጠው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ የሚፈቀድባቸው ቀጠናዎች ደግሞ አብዛኞቹ ከኛ ሩቅ ናቸው።

እንጨቱንና ብረቱን አጎቴ ራሳቸው ገጣጠሙት። በቀኝ እጃቸው ጨበጡት፤ ጣታቸውን አዲሱ ስፌት ዙሪያ አንዴ አዞሩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ለልጃቸው ሰጡት። እሱም ጨበጠው።

የመነጽሩ ነገር አልሞተም። ሳይበሳ የሚገጠም መያዣ አለ፤ የኋለኛው ማነጣጠሪያ ይነሳና እሱ በቦታው ይገባል። ማነጣጠሪያው አይጣልም፤ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ በተፈለገ ቀን ይመለሳል። ይህን ለአጎቴ ልጅ ነገርኩት፤ ሚኒሶታ ከተመለሰ በኋላ ይፈልግ ነበር። ባለፈው ሰሞን ደውሎ "አገኘሁት፤ ክብደቱን ለአባባ ንገርልኝና ከፈቀዱ እገዛለሁ" አለኝ። አጎቴ ክብደቱን ሰምተው "ይምጣ፣ እናየዋለን" ብለዋል። እኔ ደግሞ ቀበሌውም ፖሊስ ጣቢያውም ይፈቀዳል ሳይሉ ሰባራ ሳንቲም እንዳያወጣ ነግሬዋለሁ።